ጋዝ የተጻፈበት ጀሪካን

ባለቤቴ አዲስ ነገር ሊጀምር ሲል ጆሮውን ያካል። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ይህ ምልክት አንድ ቀን እንኳ አሳስቶኝ አያውቅም። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እሠራለሁ ብሎ ቤቱን ያጥለቀለቀው ጊዜም ሲያክ ነበር የሰነበተው። ካርቱም ውስጥ፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ቆዳ በሚልጥበት አገር፣ የውሃ ማሞቂያ። ስለዚህ ያን ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሃፍላዋን እያየ ጆሮውን ሲያክ ሳገኘው፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ደከመኝ።

ሃፍላ ካርቱም ላይ ሚኒባስ ማለት ነው። የኛዋ በናፍጣ የምትሄድ አሮጌ ነበረች፤ ከአል-ሳሃፋ፣ ከሰፈራችን፣ ወደ መሃል ከተማ ሰው ያመላልስባት ነበር። እኔ ደግሞ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት ዓሣና ጣዕሚያ እጠብሳለሁ፤ ጣዕሚያ የሚሉት ከሽምብራ የሚሠራውን ጥብስ ነው። ቀኑን ሙሉ ዘይት ፊት ቆሜ ስለምውል ማታ ቤቴ ስገባ የምመኘው ነገር ቢኖር ዘይት የማይሸት አየር ብቻ ነበር።

«ዘይት ትጠጣለች» አለኝ፣ ወደ ሃፍላዋ እያሳየኝ።

«የምን ዘይት?»

«የምግብ። የናንተ ቤት የሚደፋው። ያ የጠቆረው።»

ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ ነዳጅ ከከተማው ድራሹ በጠፋበት ጊዜ ነው። ሰው ማደያ ፊት ተሰልፎ እዚያው ቁርሱን ይበላል፣ እዚያው ይሰግዳል፣ እዚያው ይጣላል፣ እዚያው ይታረቃል፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ «ኸላስ፣ አልቋል» ብሎ ይበትነዋል። ሃፍላችን ከግቢ ሳትወጣ ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራ መፍታቱ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ እህቴ ነበረች።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ለኔ ስትል ሳታገባ የቀረችውም እሷ ናት። ከደሴ ካርቱም ድረስ ያመጣኋት ልጦራት ብዬ ነበር፤ በመጣች በሦስተኛው ዓመት ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሶባ ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠብላታል። ሶባ ከኛ ቤት ሩቅ ነው፤ ትራንስፖርት በደህናው ጊዜም ሁለትና ሦስት እየቀያየሩ ነው የሚደረሰው። ተራዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ካረፈደች ማሽኑ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል፣ ቢሰጥም አይፈረድባቸውም፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነው የሚጠብቀው። አንድ ቀን ካለፋት እግሯ ያብጣል። ሁለት ካለፋት ትንፋሽ ያጥራታል። ስለ ሦስተኛው ሐኪሙ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ያን ሰሞን አንድ ቀን አልፏት ነበር። እግሯ ነጠላ ጫማ አልገባ ብሎ በካልሲ ነበር የምትሄደው። ስለዚህ ባለቤቴ በማግስቱ ጠዋት «በናትሽ ሁለት ጀሪካን ብቻ» ሲለኝ፣ ከምግብ ቤቱ የሚደፋውን ዘይት ተሸክሜ መጣሁለት። እብድ ነው፣ ግን ሌላ እብድ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቤት አልሆነም። ዘይቱ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት አለ፣ የጣዕሚያ ፍርፋሪ አለ፣ ያ ሁሉ መጣራት አለበት። በምን ያጣራው? በወንፊቴ። ወንፊቱ አላጠራ ሲለው በኔ ነጠላ። ለሰው ሠርግ ብቻ የምለብሳትን፣ ጥለቷ እንኳ ያልደበዘዘ ነጠላ፣ ባልዲ አፍ ላይ በሲባጎ አስሮ፣ ጥቁር ዘይት ሲያንቆረቁርባት ደረስኩ።

«ስማ፣ ሌላ ጨርቅ አጣህ?» አልኩት።

«ሌላው ሁሉ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ይቺ ጥሩ ሽመና ናት። ማን እንደሠራት እንጃ እጁ ይባረክ» አለኝ። ያደነቀልኝ መስሎታል።

እህቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ በመስኮት እያየችን ሳቀች። እሷ ነበረች የምታሞላቅቀው፣ ሁልጊዜ ለሱ ነው የምታደላው። «ተይው፣ ቢያንስ ሥራ አልፈታም» ትለኛለች። እሱም «እትዬ ብቻ ናቸው የሚገባቸው» ይላል። ሁለቱ ሲገጥሙብኝ ጨርቄን ጥዬ ብሄድ ደስ ባለኝ።

የሚያናድደው ግን መኪናዋ ሄደች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችን ተሳፈርን፣ ቁልፉን አዞረ፣ ጥቂት አንጎራጎረችና ተነሳች። ሰፈሩን ሁሉ የዓሣ ጥብስ ሽታ ሞላው። በሄድንበት መንገድ ሰው ወደኛ ዞሮ ያሸታል፣ አንዱማ እጁን አውለብልቦ አስቆመንና ምሳ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀን። ሶባ ከተራዋ ሩብ ሰዓት ቀድመን ደረስን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን አጣጥፎ ምንም ሳይናገር ያየኝ ጀመር። ያ ዝምታው ከወሬው የባሰ ያንገበግባል።

ክረምቱ ሲገባ ነገር ተበላሸ። እዚያ ክረምት ማለት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ቀኑ ያው ፀሐይ ነው፣ ጠዋቱ ግን ብርድ አለው። ዘይቱ በብርድ እየረጋ ፊልትሮ ይደፍን ጀመር። መኪናዋ መንገድ ላይ ሳል እንደያዘው ሰው ትንተፋተፋለች፣ ትቆማለች፣ እሱ ወርዶ ቱቦውን በአፉ ይመጥጣል፣ አፉ የገባውን ዘይት ይተፋል፣ እንደገና ትነሳለች። አንድ ማክሰኞ እንዲህ ሁለት ጊዜ ቆመን፣ ተራዋን ለጥቂት ነው ያገኘነው። እሱ ግን መላ አላጣም። ዘይቱን የሚያቀጥን ነገር ልቀላቅልበት አለ። ምን እንደሚቀላቅል ነግሮኝ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚነግረኝን ግማሹን አልሰማም ነበር፤ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

አሁን ስለ ባለቤቴ ዐረብኛ መናገር አለብኝ፣ ያለዚያ የመጣው ጣጣ አይገባም። ወጣት ሳለ የአንድ ግብፃዊ ፎርማን ሾፌር ነበር፣ ዐረብኛ የተማረውም ከዚያ ሰውዬ ነው። ግብፆች ደግሞ ሱዳኖቹ «ጀ» የሚሉትን «ገ» ነው የሚሉት። ፓስፖርት እዚያ «ጀዋዝ» ነው፤ የኔ ሰውዬ «ገዋዝ» ይላል። አምጣ ለማለት አገሩ ሁሉ «ጂብ» ሲል እሱ «ጊብ» ይላል። ናፍጣን ሱዳኖች «ጃዝ» ይሉታል፤ እሱ ማደያ ሄዶ «ጋዝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋዝ ደግሞ እዚያ በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያው ነው። አንድ ጊዜ «ጋዝ የት ነው የሚሰጠው?» ብሎ ጠይቆ፣ ባዶ ሲሊንደር ከሚያንከባልሉ ሴቶች ጋር ጀሪካኑን ይዞ ግማሽ ቀን ተሰልፎ መጥቷል። ሴቶቹም አዝነውለት ነው መሰል አንዳቸውም አልነገሩትም።

እኔ ደግሞ ካርቱም የገባሁት ልጅ እግር ሆኜ ነው፣ ሰው ቤት እየሠራሁ ነው ዐረብኛ የለመድኩት፣ በንግግሬ የሱዳን ልጅ ነው የምመስለው። እሱን ማረም ሥራዬ ሆነ። «ጃ በል» እለዋለሁ። «ጃ» ይላል። ከዚያ በሩን ወጥቶ «ጋ» ይላል። ሰው ፊት እያረምኩት ሰዎች ሲስቁ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እሱም ይስቃል። አሁን ሳስበው የሱ ሳቅ አጭር ነበር።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። እህቴ በሳምንቱ ውስጥ ጥሩ አልነበረችም፤ ፊቷ አብጧል፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። ባለቤቴ ጠዋት ተነስቶ ትርፍ ፊልትሮ ፍለጋ ወደ አንድ የሚያውቀው ጋራዥ ሲወጣ «ከጀሪካኑ ሙዪባት፣ መጣሁ» አለኝ። አጥሩ ሥር ሦስት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ዐረብኛ መጻፍ ስለማይችል በአማርኛ እየጻፈ ወረቀት ለጥፎባቸዋል። አንዱ «ዘይት» ይላል። አንዱ «ድብልቅ» ይላል። አንዱ «ጋዝ» ይላል።

የድብልቁን ክዳን ከፍቼ አየሁት። ግርጌው ላይ የሆነ ነጣ ያለ ዝቃጭ ተኝቷል። ያን ማክሰኞ ሁለቴ ያቆመን እንዲህ ያለው ዝቃጭ ነው። እህቴ በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ ስንቆም፣ እሱ ቱቦ ሲመጥጥ፣ ሰዓቱ ሲሄድ ታየኝ። ከዚያ «ጋዝ» የሚለውን አነበብኩ።

መቼም የማብሰያ ጋዝ በጀሪካን አይቀመጥም። እንግዲህ ይህ ሰውዬ እንደ አፉ ነው የጻፈው፣ ጃዝ ማለቱ ነው፣ ናፍጣ አግኝቷል አልኩ። ከፍቼ አሸተትኩት፤ የነዳጅ ሽታ ነው። ደሜ ፈላ። ሙሉ ጀሪካን ናፍጣ ደብቆ እኛን የዓሣ ዘይት ያሸተናል ማለት ነው፣ ሙከራዬ አይቋረጥብኝ ብሎ እህቴን መንገድ ላይ ያንከራትታታል ማለት ነው። አንድም ሳልጠይቅ፣ አንድም ሳላመነታ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጥኩት። ባዶውን መልሼ ቦታው አቆምኩት። ሲመጣ «ሞላሽ?» አለኝ። «ሞልቻለሁ» አልኩት። በሆዴ ደግሞ፣ ዛሬ እንኳ በሰላም እንደርሳለን አልኩ።

መኪናዋ ከመቼውም በቀለለ ተነሳች። ሽታም የለም፣ ጭስም የለም። እሱ መሪውን እየደበደበ «አያችሁ? ድብልቁ ተስማማት» ይላል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ ኋላ ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች።

ሶባ ልንደርስ ሩብ መንገድ ሲቀረን ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ሰው በር እንደሚደበድብ። እሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ዳር ለመያዝ ሲሞክር አንድ ጊዜ ተርገፈገፈችና ቀጥ አለች። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቱቦ ቢመጥጥ፣ ቢለምናት፣ አልተነሳችም። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። ትራንስፖርት የለም፤ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሰው እስከ ጣሪያው ጭኗል።

ከሥሯ ገብቶ ፊልትሮውን ፈታ። በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተ፣ በጣቶቹ አሻሸው፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደረቅ ነው» አለ። «ቅባት የለውም። ፖምፓው ነክሶ ተይዟል። ተለያይቶብኝ ነው፤ ዘይቱ ወደ ታች ሲዘቅጥ ላዩ ላይ የቀረው ጋዙ ብቻ ነው የገባው።»

«የምን ጋዝ?» አልኩት።

«ጋዝ ነዋ። ነጩ። የፋኖሱ።»

እኛ አገር እሱ ላምባ ነው የሚባለው። እናታችን ቤት ኩራዝ ላይ የምንጨምረውን ማንም ጋዝ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። የሱ አገር ጎንደር ነው፤ እዚያ ጋዝ ይሉታል፣ እና ሰውዬው ዐረብኛውን በግብፅኛ ቢያበላሽ አማርኛውን ግን በትክክል ነበር የጻፈው። ሃያ ሊትር ላምባ፣ ያለ አንድ ጠብታ ዘይት፣ በዚያች አሮጌ ሞተር ውስጥ። ያንን የሞላሁት እኔ ነኝ አላልኩትም።

ያዳነን ሣር የጫነ ካሮ ነው። ካሮ የአህያ ጋሪ ነው፤ ነጂው አንድ ሽማግሌ ለከብት የሚሆን ለምለም ሣር ቆልሎ ወደ ሶባ ገበያ ይሄድ ነበር። ባለቤቴ በዚያ በተሳሳተ ዐረብኛው ለመነው። ሽማግሌው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሣሩን ግማሽ በግማሽ መንገድ ዳር አውርዶ፣ በቀረው ላይ ጋቢውን አነጠፈላትና «ያላ» አለ። ባለቤቴ እህቴን አቅፎ አስተኛት። እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። እሱ መኪናዋ ጋ ቀረ፤ ስንርቅ መንገዱ መሃል ቆሞ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ አየሁት።

ስንደርስ ተራዋ አልፎ ነበር። ነርሷ ሰዓቱንም የእህቴን ፊትም አየች፣ ተሯሯጠች፣ የቻለችውን አደረገች። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ አንድ ማሽን ላይ አስገባቻት፣ መታጠብ ያለባት አራት ሰዓት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የፈጣሪን ስም እጠራለሁ ብዬ የምጠራው «ጃ፣ ጋ፣ ጃ፣ ጋ» ሆነብኝ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ቤት ስደርስ ያደረግሁትን ልናገር። ባለቤቴ ገና መኪናዋን እያስጎተተ ነው። ከድብልቁ ግማሹን ወደ ባዶው የጋዝ ጀሪካን ገለበጥኩ፣ ድብልቁም የተቀዳ፣ ጋዙም ያለ እንዲመስል። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳሳትክ ያልኩት ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት አቃተኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሱ ጀሪካኖቹን ከፍቶ እንኳ አላያቸውም። ማምሻውን መጥቶ ሦስቱንም ከሽንት ቤቱ ኋላ ወስዶ ጣላቸው። የማጣሪያ ባልዲውን፣ ቱቦውን፣ መጠን የሚጽፍበትን ደብተር፣ ሁሉን። ከዚያ እህቴ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ «እትዬ፣ በእጄ ልገድልዎት ነበር። ከእንግዲህ በሙከራ አላሳፍርዎትም» አላት። እሷ ፀጉሩን ዳበሰችው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የፈላ ሻይ እየፈሰሰ አየዋለሁ።

ይኸው እኔ የለመንኩት ሰላም መጣ። የዘይት ሽታ የለም፣ የተነከረ ነጠላ የለም፣ ጆሮ ማከክም የለም። ሰውዬው ጠዋት ተነስቶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ከዚያው ይነሳል። ጋራዥ ያለው ወዳጁ መጥቶ ፖምፓውን ፈትቼ ልየው ቢለው «ተዋት» አለ። እንደዚያ ሆኖ ሳየው የበለጠ አናደደኝ። የምጮህበት ነገር ጠፋ። አንድ ቀን «ደግሞ ምን ልትሆን ነው፣ ትንሽ ነገር እንኳ አትሞክርም?» ብዬ ጮህኩበት።

እህቴን ለሦስት ሳምንት በጋሪም፣ በሪክሻም፣ በሰው ትከሻም ወሰድናት። ያን የሣር ሽማግሌ ፈልገን እናገኘዋለን፣ እስከ ዋናው መንገድ ያደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ የአላህ ፈቃድ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተራዋ አልፏል። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ልብሷን ሳጥፍላት እጄን ያዘችኝ።

«ስሚኝማ» አለችኝ። «ቅዳሜን ልተወው። ማክሰኞ ይበቃኛል።»

«ማን ነው የሚበቃ ያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። አንቺም ከሥራሽ ትቀሪያለሽ፣ ያ ልጅም በኔ ምክንያት ሰው መሆኑን ትቷል። ደክሞኛል። ይበቃኛል።»

ይበቃኛል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያሳደገችኝ ሴት ላታስቸግረኝ ብላ ልትሞት ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልትወስዳት የምትችል መኪና ቆማለች፣ የቆመችውም በኔ ውሸት ነው። የያዝኩትን ልብስ እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

እሱ በርጩማው ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆምኩ፣ ከዚያ መቆም ስላቃተኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ድብልቅህ አይደለም» አልኩት። «የሞላሁት ጋዝ የሚለውን ነው። ሙሉውን። ጃዝ ማለትህ መስሎኝ ነው። ናፍጣ የደበቅክ መስሎኝ። መልሼ ጀሪካኑን የሞላሁትም እኔ ነኝ።»

እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እና ድብልቁ ሞተሩ ውስጥ አልገባም?» አለኝ።

«አልገባም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ፊቱን በሸሚዙ ጠርዝ ሸፍኖ አለቀሰ። ሦስት ሳምንት እኔ ኩርፊያ ነው ያልኩት ነገር ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ሰው የገደለ መስሎት ነበር የተቀመጠው። እኔ ደግሞ እያየሁት እራት አቀርብለት ነበር።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ በመጨረሻ። «ጋዝ ማለት ምንድነው ብትዪኝ እነግርሽ ነበር።»

እንደማውቅ ቆጥሬ ነበር፣ አልኩት። እሱ ስለሚለው ነገር ሁሉ ከሱ በላይ እንደማውቅ። ይህን ስናገር በራሴ አፍሬ ነበር፣ አሁን ስጽፈውም አፍራለሁ።

ያንኑ ዕለት ወዳጁን ከጋራዥ አመጣው። ፖምፓውን ፈትተው አጠቡት፣ የነከሰውን አላቀቁት፣ ደህና ነው አሉ፤ አሮጌ ዕቃ መቼም ጠንካራ ነው። ከሽንት ቤቱ ኋላ ጀሪካኖቹንና ባልዲውን አወጣ፣ ቱቦውን አወጣ፣ ደብተሩን አራግፎ ከፈተ። ዘይቱን እንደገና አጣራው፣ በፀሐይ አሞቀው፣ ለካ፣ ወዳጁ ባመጣው ላምባ ቀላቀለ፣ አማሰለ። ደግሞ በላምባው ጀሪካን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድን አሰበና ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ እኔ እንባዬ ሳይደርቅ። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እህቴን አስነሳኋት። አልሄድም አላለችም፣ ግድግዳችን ስስ ነው፣ በግቢው የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ነኝ። የዓሣው ሽታ መኪናዋን ሞላው፣ ማንም ምንም አላለም። ሞተሩ የቆመበት ያ ሜዳ ጋ ስንደርስ፣ እህቴ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። እሱም ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

«ዛሬ የሞላው ማን ነው?»

«እሱ ነው እትዬ» አልኳት።

መያዣውን ለቀቀችው።